ቀዩን ለይ

ሻሚልን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ከቴፒ ወጣ ብላ ባለችው ወንዝ ማዶ በምትባል ቀበሌ ልጅ አዋቂው «ቀዩን ለይ» ነው የሚለው። እርግጥ ፊት ለፊቱ አይደለም፤ ፊት ለፊቱማ «ጋሽ ሻሚል» ነው፣ ቁጣውን ማን ይችለዋል! ስሙ የወጣለት በመንግሥት ቡና እርሻ የለቃሚ ካቦ ሳለ ነው። ጠዋት ለቃሚውን በየረድፉ ያሰልፍና «ቀዩን ለይ! አረንጓዴው ይቆይ! ቀዩን ለይ ብያለሁ!» እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያንባርቅ ይውላል። በቅርጫቱ ውስጥ ጥሬ ፍሬ የተገኘበት ለቃሚ ወዮለት፤ እዚያው ሰው ፊት ዘርግፎ አንድ በአንድ ያስለቅመዋል። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን አንዴ ትክክል ነው ብሎ የያዘውን ነገር ሰማይና ምድር ቢገናኙ አይለቅም።

ወደዚህ አገር የመጣው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም፣ ከጅማ በኩል፣ አንድ የለቀማ ወቅት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ ነው። አልተመለሰም። እርሻው ውስጥ ጎረመሰ፣ ካቦ ሆነ፣ ከድጁን አገባ፣ ነጅዋን ወለደ። ደርግ ወድቆ እርሻው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ። ሌላው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲሄድ ሻሚል ወንዝ ማዶ ላይ ጫካ ውስጥ የበቀለ ቡና ያለበት ቁራሽ መሬት አገኘ። አረሙን መነጠረ፣ ያረጀውን ቡና ጎነደለ፣ በባዶው ቦታ ችግኝ ተከለ። ዕድሜውን በሙሉ በሰው ቡና ላይ ሲጮህ የኖረው ሰውዬ በገዛ ቡናው መካከል ድምፁን ዝቅ አድርጎ መመላለስ ጀመረ። ነጅዋ አማን ከተማ ተድራ ስትሄድ ቤቱ ለሁለት ቀረ፤ ከድጁ «ይሄ ሰው የተጋባው ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከቡናው ጋር?» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ስለ ቡና የማያውቅ ሰው ዛፉ ምን ይሠራለታል ይል ይሆናል። የዚያ አገር ቡና ከላዩ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ቀረሮ ካልቆመለት አይሆንለትም። ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘው ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬው ሳይሞላ ይጨማደዳል፣ ቅርንጫፉም ከጫፉ ጀምሮ ይሞታል። ጥላ ዛፍ ደግሞ እንደ በቆሎ ዘርተው በዓመቱ የሚያገኙት አይደለም፤ አባት ተክሎት ልጅ የሚያርፍበት ነው። ስለዚህ በወንዝ ማዶ ዛፉ ከሌለ ቡናው የለም፣ ቡናው ከሌለ ኑሮ የለም። ሻሚልም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት በጋው ጨከነ። ዝናብ በማይጠፋበት በዚያ አገር ታኅሣሥና ጥር ጠብ ሳይል አለፉ፤ የጫካው ወለል ላይ የተነጠፈው ቅጠል ሲረግጡት እንደ ገለባ ይንኮሻኮሽ ጀመር። በየካቲት እሳት ተነሳ። ማር ቆራጭ ችቦውን ጥሎ ነው ያለ አለ፣ መሬት ሊመነጥር የለኮሰ ሰው ነው ያለም አለ፤ እስከ ዛሬ የታወቀ ነገር የለም። እሳቱ ከፍ ብሎ አልነደደም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ደረቁን ቅጠል ሲበላ፣ ሰዉም በርጥብ ቅርንጫፍ ሲመታው፣ አፈር ሲበትንበት ሰነበተ። በመጨረሻ ወንዙ ዳር ሲደርስ ሞተ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ በመስጊዱ «አልሃምዱሊላህ» ተባለ፣ በቤተ ክርስቲያኑም «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባለ።

ጭሱ ሲጠራ ግን ሰው ግራ ገባው። ቡናው ግማሹ ተለብልቧል፤ እሱስ ከሥሩ ቢጎነደል እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ጥላ እስካለው ድረስ። ጭንቁ ዛፎቹ ናቸው። ሁሉም ከሥራቸው እስከ ሰው ቁመት ከሰል ሆነዋል፣ ሁሉም ከላይ ቅጠላቸው አለ። የትኛው ይተርፋል? የትኛው ነው ሥሩ ተቀቅሎ ቆሞ የሞተው? ቆሞ የሞተ ዛፍ ክረምት ሲገባ ይገነደሳል፤ ቡና ላይ ይውደቅ፣ ቤት ላይ ይውደቅ፣ ሰው ላይ ይውደቅ አይታወቅም። ሁሉንም እንቁረጥ ቢሉ ጥላ የለም፤ ሁሉንም እንተው ቢሉ ክረምቱን በሙሉ ሽቅብ እያዩ መኖር ነው። ሻሚል ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ልጡን በቢላዋ ይፍቃል፣ ያሸታል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

በዚህ መካከል ነው ረድኤት የመጣችው። ረድኤት ሚዛን ከተማ ካለ ቢሮ የተላከች የደን ባለሙያ ናት፤ ገና ልጅ እግር፣ ከትምህርት ቤት ከወጣች ብዙም ያልቆየች። ሕዝቡን ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሰብስባ ስታስረዳ ድምጿ መጀመሪያ ላይ ይርበተበት ነበር፤ በኋላ ሞቅ አላት።

«ዛፍ መታመሙን እኛ የምናውቀው ቅጠሉ ሲረግፍ ነው፤ ያኔ ረፍዷል» አለች። «ሳተላይት ግን ቀድሞ ያያል። ጤነኛ ቅጠል የእኛ ዓይን የማያየውን አንድ ዓይነት ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል። ሲታመም፣ እናንተ ገና ለምለም ነው ስትሉት፣ ያንን ብርሃን መመለስ እያቃተው ይሄዳል። ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ የሚያነበው እሱን ነው። ፎቶውን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ የሚሞተውንና የሚተርፈውን በካርታ አሳይቼ እልክላችኋለሁ። የሚሞተውን ክረምት ሳይገባ በሥርዓት ትጥሉታላችሁ፤ የሚተርፈውን ማንም አይነካውም። እስከዚያው ግን ዓይናችሁን አትመኑ፣ ካርታውን እመኑ።»

«ደመና የጋረደ ዕለትስ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ዓለምሸት ናት፤ የሻሚል የድንበር ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ወንድ ልጅ የምታሳድግ፣ አፏ የማይመለስ ሴት።

«ያን ዕለትማ አያይም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ከእኛ በምን ተሻለ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ረድኤትም አብራ ሳቀች። ሻሚል ብቻ አልሳቀም። ያቺ «ዓይናችሁን አትመኑ» የምትለው ቃል ልቡ ውስጥ ገብታ ቁጭ ብላለች። እሱ ራሱ ስንት ዛፍ ፍቆ፣ ስንቱን አሽቶ ምንም አላወቀም፤ ይህቺ ልጅ ግን ከሰማይ የሚያይ ነገር አላት። ቆራጮቹን ማን ይምራ ሲባል ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ታፈሰ «ሰው በማዘዝ ከሻሚል ወዲያ ላሳር!» አለና ሁሉም አጨበጨበ። ከእርሻው ከተቀነሰ ወዲህ ሰው ፊት ስሙ ለቁም ነገር ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሻሚል ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ፤ ከድጁም ከአረማመዱ ነገሩን አወቀችው።

ካርታው መጋቢት ሲገባ ከሚዛን በመጣ ሚኒባስ ሹፌር እጅ ደረሰ። ረድኤት ራሷ ይዛው ልትመጣ ነበር፤ የቢሮው መኪና ተበላሸና ቀረች። ተጠቅልሎ የመጣውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ወንዙ አለ፣ መንገዱ አለ፣ የመስጊዱ ቆርቆሮ እንኳ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጫካው ግን የሚያውቁት ጫካ አይመስልም፤ እዚህ ደማቅ ቀይ፣ እዚያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ ተጣጥፏል። ከግርጌው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ነበረበት።

«ይሄን ለትምህርት ቤቱ መምህር ብናሳየው አይሻልም?» አለ ታፈሰ።

«ምኑ ይነበባል? ልጅቷ ራሷ ትደውላለች» አለ ሻሚል። አማርኛውን በመሠረተ ትምህርት አውቆታል፤ እንግሊዝኛው ግን አይሆንለትም፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም ማለት ደግሞ ሞት ነው የሚመስለው። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ወዲያ ነበር፤ ደርሶ መመለስ ምን ችግር ነበረው! አይ ሻሚል!

ኔትወርክ የሚገኘው ከመስጊዱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ካርታውን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ፤ ስልኩ ጮኸ።

«ሄሎ! ጋሽ ሻሚል? ካርታው ደረሰ?»

«ደርሷል ልጄ! ቀይና አረንጓዴ ነው!»

«አዎ፣ እሱ ነው! እንግዲህ መጀመሪያ ቀዩን ለዩ! ይሰማል? ቀዩን ለዩና ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ…»

ከዚያማ ምን ይሰማል! ስልኩ ጭጭ አለ። ሻሚል ሽቅብ አንጠልጥሎ ያዘው፣ ወዲያ ዞረ፣ ወዲህ ዞረ፣ «ሄሎ! ሄሎ!» አለ። መልሶ ሞከረ፣ አልገባም። ግን እንዲያውም ብዙ አልተጨነቀም፤ የሚያስፈልገውን ሰምቷል። «ቀዩን ለዩ» ነው ያለችው፤ የገዛ ቃሉን ነው የመለሰችለት። ቀዩ ይወርዳል፣ አረንጓዴው ይቆያል፤ ዕድሜውን ሙሉ ይህን አይደል ሲያዝ የኖረው? ምልክቱም ቢሆን ግልጽ ነው፤ እርሻው ላይ ጥላ ሲሳሳ በኖራ ምልክት የተደረገበት ዛፍ የሚወድቅ ዛፍ ነበር። ደግሞስ ቀይ ማለት እሳት አይደለም ወይ? አረንጓዴ ማለት ልምላሜ አይደለም ወይ? በየትኛውም በኩል ቢያዞረው ነገሩ አንድ ሆነበት። ከጉብታው ሲወርድ ታፈሰ «ምን አለች?» ቢለው «ገብቶኛል፤ ቀዩ ነው የሚወድቀው» አለው፣ አፉን ሞልቶ።

ካርታውን ይዞ ከወንዙ ተነስቶ፣ መንገዱን ተከትሎ፣ ቀይ በሆነው ስፍራ ያለውን ዛፍ ሁሉ በኖራ አስመረው። ከዚያ መጋዝና መጥረቢያ የያዙትን ሰዎች ሰበሰበና «የሌላውን ከመንካታችን በፊት ከእኔ እንጀምራለን» አለ። ይህን ያለው ሰው እንዳያማው ነው፤ ደግሞም ኩራት ነበረበት። ቡናው ላይ አጥልቶ የኖረው ትልቁ ሰሳ ሥር ሲደርሱ ከድጁ ነጠላዋን እያጣፋች ከቤት ወጣች።

«የነጅዋ አባት፣ ይሄ እኮ ደህና ነው። አናቱን እየው፣ አዲስ ቅጠል አውጥቷል።»

«ዓይንሽን አትመኚ ተብሏል።»

«እንዴ! ታዲያ ምኔን ልመን?»

«ካርታውን! በይ ወደ ቤት ግቢ፣ እንዳይወድቅብሽ።»

መጋዙ የሁለት ሰው መጋዝ ነው፤ አንዱ ሲስብ አንዱ ይለቃል። ትንሽ እንደገባ ነከሰ፤ አልሄድ አለ። ከተቆረጠው ቦታ ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ፣ የእንጨቱም ብናኝ እርጥብ ነበር። አንደኛው ቆራጭ ቀና ብሎ «ጋሽ ሻሚል፣ ይሄ ዛፍ እርጥብ ነው» አለው። ሻሚልም ዓይቶታል። ግን «በሽታው ከውስጥ ነው፤ ገና ሳይደርቅ ያየው ለዚህ አይደል ወይ ሳተላይቱ!» አለ። ዛፉ ሲወድቅ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ በቡናው ላይ ፀሐይ ወረደች። ከድጁ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር።

እንዲህ እያሉ መጋቢትን ፈጁት። ቀዩን የለየው ሻሚል ነው፣ ያስጣለው ሻሚል ነው። ዛፉ የቡናውን ጉንድል እንዳይሰብር አወዳደቁን እያመቻቸ፣ «ወዲያ! ወዲህ! ሳብ!» እያለ በድሮ ድምፁ ሲያዝ ሰዉም ይታዘዝለት ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር። እስከ ዓለምሸት ድንበር ድረስ።

የዓለምሸት ቡና በአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ነው ያለው። ባሏ በሕይወት ሳለ ቀፎ የሚሰቅልበት ዛፍ ነው። ቆራጮቹ ሲደርሱ ዓለምሸት ግንዱን ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ይቺን አትነካትም፣ ሻሚል።»

«ዓለምሸት፣ እኔ ልሙት፣ በክፋት አይደለም። ካርታው ቀይ ነው ያላት።»

«ካርታው ይቀደድ! ቅጠሏን እየው! ይሄ የሞተ ዛፍ ቅጠል ነው? የእኔ ዓይን አለ፣ የአንተ ዓይን አለ፣ የእነዚህ ሁሉ ዓይን አለ!»

«ክረምት ሲገባ ልጅሽ ላይ ብትወድቅስ? ያኔ እኔን ልትወቅሺ ነው?»

«አትወድቅም!»

«በማን ማረጋገጫ?»

ዓለምሸት የሚመልስላት ካርታ የላትም፤ ያላት ዓይኗ ነው፣ እሱን ደግሞ አትመኚ ተብላለች። ሻሚል ከቆራጮቹ ሁለቱን በዓይኑ ጠቀሳቸው፤ እጇንና እጇን ይዘው አነሷት። አልታገለችም። እያለቀሰችም አልነበረም። «እሺ፣ አንተ ካልክ» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች። ዋንዛዋ ስትወድቅ ውኃዋ እንደ ምንጭ ኮለል አለ፤ ከቆራጮቹ አንዱ እንኳ ቀና ብሎ ሻሚልን አላየውም።

በሚያዝያ ዝናቡ መጣ። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ የተጎነደለው ቡና ማቆጥቆጥ ጀመረ። ሻሚል ግን ዓይኑ የቀሩት ዛፎች ላይ ነው፤ ካርታው አረንጓዴ ያላቸው፣ ይቆያሉ የተባሉት። ዝናብ ጠግበው ሊለመልሙ ሲገባ ቅጠላቸው ይጠወልግ ጀመር። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ሁሉ። በድንጋጤ ነው፣ እሳት ስለነካቸው ነው፣ ይመለሳሉ ኢንሻአላህ ይል ነበር ለራሱ። አንድ ቀን ቀረሮውን በመዳፉ ቢገፋው ልጡ ከነቅርፊቱ ተላጦ እጁ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ነቀዝ ፈልቷል። ለማንም አልተናገረም። ለከድጁም አልነገራትም። ምግብ ስታቀርብለት «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ምን በልቶ እንደጠገበ አላህ ይወቅ።

በወሩ መጨረሻ ረድኤት መጣች። ከቴፒ በሞተር ሳይክል፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ነው የደረሰችው። ከጉብታው ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ ሻሚል አያትና ወጣላት።

«ጋሽ ሻሚል፣ እንደገና ተቃጠለ እንዴ?» አለችው፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አዲሱ ፎቶ ትናንት ደረሰኝ። ቀዩ በሙሉ ጠፍቷል! ሁለተኛ እሳት ተነስቷል ብዬ ነው የመጣሁት። ደመና ነው ብዬ ነበር፣ ደመናም አይደለም።»

«አልተቃጠለም፤ ቆርጠን ጨርሰነዋል እኮ» አለ ሻሚል። «ቀዩን ለዩ አልሽኝ፤ ለየሁት። ምልክት አድርጉበት አልሽኝ፤ አደረግሁበት። አንድም አልቀረ።»

ረድኤት ቁልቁል የወደቁትን ዛፎች ደግማ አየች።

«ጋሽ ሻሚል… ቀዩ እኮ ነው ደህናው።»

«ምን?»

«ያ የነገርኳችሁ ብርሃን… ዓይን ስለማያየው ቀለም የለውም። ፎቶው ላይ እንዲታየን በቀይ ነው የምንቀባው። ቅጠሉ ጤነኛ በሆነ መጠን ይቀላል። ያ አረንጓዴው ነው የሞተው። ቀዩን ለዩ ያልኩት ማንም እንዳይነካው ነበር። ይሄንኑ ልነግርህ ስል ተቋረጠ። በኋላ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አልገባ አለኝ። ከታች ተጽፏል፣ መምህሩ ያነቡታል ብዬ…»

ሻሚል እዚያው እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠ። ቁልቁል ቢያይ የወደቁት ሁሉ ይታዩታል፤ ውኃ ያፈሰሱት፣ መጋዝ የነከሱት፣ አዲስ ቅጠል ያወጡት። በመካከላቸው የቆሙትም ይታዩታል። አንድ በአንድ፣ ተጠንቅቆ፣ የሚድነውን ለይቶ ጥሎ፣ የሞተውን ለይቶ አቆይቷል። በስህተት እንኳ አንድ ደህና ዛፍ አልቀረለትም፤ ሥራውን አጥርቶ የሚሠራ ሰው ነዋ! «ያ ረቢ» አለ። ረድኤት ከጎኑ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ረድኤት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ጀመረች፤ ሻሚል ተነስቶ «ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ መምህሩን አልጠይቅም ያልኩትም እኔ ነኝ» አለ። ይሰድቡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቢሰድቡት ኖሮ እንዴት በተሻለው! ታፈሰ ብቻ «የቀሩትስ፣ የቆሙት፣ ይድናሉ?» ብሎ ረድኤትን ጠየቃት። «አይድኑም» አለች። «ክረምቱ ሳይገባ እነሱም መውደቅ አለባቸው፤ ሰው ላይ ይወድቃሉ።» «ችግኝስ?» ሲላት «አመጣለሁ» አለች፤ ለጥላ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ግን የጠየቃት የለም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሰው ቀስ በቀስ እየተነሳ ሄደ፤ ሻሚልን በእጁ የነካው፣ አይዞህ ያለው አልነበረም።

ሰላምታው ቀረ። ሻሚል መንገድ ላይ «እንዴት ዋላችሁ» ሲል ሰዉ አንገቱን ሰብሮ ያልፋል። በየሰዉ ማሳ ላይ ፀሐይ እንዳሻት ትወርዳለች፤ አቆጥቁጦ የነበረው ቡና ጫፉ ይቃጠል ጀመር፣ ቅጠሉ ገረጣ። ከድጁ ጠዋት ጠዋት ጉንድሎቹ ላይ ለጥላ የኮባ ቅጠል ታለብሳለች፤ ፀሐዩ ኮባውን አድርቆ ያጥፈዋል፣ እሷም በማግስቱ ሌላ ታለብሳለች። ሻሚል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጣ «ተነስ እንጂ፣ የነጅዋ አባት። ሰው አይደለህ? ሰው ይሳሳታል» አለችው። «የቱን ዓይኔን ይዤ ልነሳ?» አላት። ከድጁ ኮባዋን አንስታ ወጣች።

ግንቦት ሲገባ ነፋሱ ጀመረ። አንድ የደረቀ ቀረሮ ተገንድሶ የአንዱን ጎረቤት የቡና ማድረቂያ አልጋ አደቀቀው፤ ሰው ባይኖርበት ነው። ያኔ ሻሚል ከአልጋው ተነሳና የሁለት ሰው መጋዙን ተሸክሞ ወጣ። አብረውት የቆረጡትን ሰዎች በየደጃቸው ሄዶ ጠራ። አንዱ ወገቤን አሞኛል አለ፣ አንዱ ቴፒ እሄዳለሁ አለ፣ አንዱ ከነአካቴው በሩን አልከፈተም። ሻሚል መጋዙን ይዞ የዓለምሸት ማሳ ውስጥ፣ ከቤቷ በላይ ከደረቀው ሰሳ ሥር ቆመ። ያ መጋዝ አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው ይታጠፋል እንጂ አይቆርጥም። ቢሆንም ጀመረ፤ ሲገፋው እየተጣጠፈበት፣ ሲስበው እየወጣበት፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ።

ዓለምሸት ከቤቷ ወጥታ ጥቂት አየችው። ከዚያ መቀነቷን አጥብቃ መጣችና የመጋዙን ሌላውን እጀታ ያዘች።

«ዓለምሸት…» አለ ሻሚል።

«ዝም በል። ይቅር ብዬህ አይደለም። ልጄ ከዚህ ሥር ነው የሚመላለሰው።»

«እኔ እኮ ለልጅሽ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የባሰው። ሳብ።»

ሳበ። ሳበች። መጋዙ እንደ ቅቤ ገባ፤ የሚነክሰው እርጥበት የለማ! ብናኙ እንደ ዱቄት ደረቅ ነበር፣ እግራቸው ሥር ይከመራል። ዛፉ ሲንቋቋ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ወደቀ፤ የቀረችውም ትንሽ ጥላ አብራው ወደቀች። ፀሐይዋ ቡናው ላይ ተዘረገፈች። ሻሚል መጋዙን መሬት ላይ አኖረና ትንፋሹን እየሰበሰበ ጉንድሎቹን አያቸው።

«ዓለምሸት፣ ቡናውን ኮባ ብናለብሰው…»

«የቱን ቡና?» አለችው።

ዓለምሸት የመጋዙን አንድ ጫፍ አንስታ ወደሚቀጥለው ዛፍ መሄድ ጀመረች፤ እሱም ሌላውን ጫፍ ይዞ ተከተላት።